ከስግደት ነፃ ላወጣን የጥበቃ ኮሚቴ

መስከረም ፬ ቀን
ጋርላንድ

ለተከበሩ አቶ ፍቅሩ
የቤተ ክርስቲያናችን የጸጥታና ጥበቃ ንዑስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ማኪኒ

የተከበሩ ሊቀ መንበር ሆይ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎ ጤና፣ በየእሑዱ ከማኪኒ እስከ ጋርላንድ ሳይሰለች ለሚያመላልስዎ ትልቅ መኪና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ እኛ ደኅንነት ብዙ ለተሸከመው ወገብዎ ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት አቀርባለሁ። እኔ በእርስዎ ከመጠበቄ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ጸሐፊውን ዘንግተውት እንደሆነ፣ ዘርትሁን እባላለሁ። ግሬፕቫይን ከተማ ውስጥ የአንድ ሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የማመላልስ ሹፌር ስሆን፣ እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ከተመረጡት ስድስት ታጣቂ ወንድሞች አራተኛው ነበርኩ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎ ሦስቱም መልስ አላገኙም፤ እርስዎን በመሰለ ባለ ብዙ ኃላፊነት ሰው አልፈርድም። ይህን አራተኛውን ለሁሉ ሰው ግልጽ ማድረጌ ኮሚቴያችን ደብቆ የያዘው ነገር ሁሉ መጨረሻው ወለል ላይ መውደቅ ሆኖ ስላየሁት ነው፤ እኔ ከወዲሁ ገልጬ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው።

ጉዳዩም ይኸው ነው። በመጪው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ እርስዎ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ስድስቱ ታጣቂ አሥራ ሁለት ይሁኑ ወይስ አይሁኑ ብሎ እጅ ያወጣል። አሥራ ሁለት ከሆኑ፣ በአንድ አፓርትመንት ግቢ ጎረቤቴ የሆኑት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ እማማ አስካለማርያም፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ደጅ ዳግመኛ አይረግጡም። ይህን በአፋቸው ነግረውኛል። እርስዎ ስድስት ሰው ሊጨምሩልን ሲደክሙ አንዲት እናት መቀነሳቸውን ልብ ይሉት እንደሆነ ብዬ ነው ይህ ሁሉ ጽሑፍ።

አንደኛ። ምስጋና ይቅደም። የዛሬ ሁለት ዓመት በሰፊው ቤትዎ ስለ ሰጡን የአራት ሰዓት ሥልጠና፣ በተለይም ሁለቱን ሰዓት ለራስዎ የሕይወት ታሪክ ስለ መደቡልን፣ አሁንም ውለታዎ አለብኝ። እጀታዋ ላይ በወርቅ ቅብ መስቀል ያስቀረጹባትን የራስዎን ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ ስንቀባበል፣ ይህች ሚጢጢ መሣሪያ ከእጅ ስልክ ብዙም እንደማትበልጥ፣ አንዴ ከታጠቋት መኖሯን እንኳ እንደሚረሷት በመሐላ ነግረውን ነበር። አመንኩዎት። ገዛሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ፈርቼም ነው የገዛሁት፤ በዚህ በሰው አገር በጸሎት ቤቶች ላይ የሚደርሰውን ክፉ ነገር እኔም በዜና አያለሁ፣ ልጄ ናኦሚም በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሕፃናት ታስተምራለች። ፍርሃቴ የእውነት ነበር፤ የእርስዎም ፍርሃት የእውነት እንደ ነበር ልጠራጠር አልፈልግም።

ነገር ግን ሊቀ መንበር፣ መኖሯን አልረሳሁም። እንዴት አድርጌ ልርሳት! መኪና ስነዳ እጀታዋ ጎድኔን ይወጋል፣ ሳስነጥስ ሆዴን ትቆነጥጣለች፣ ወገቤ ላይ ያቆሰለችው ቦታ ዛሬም ጠባሳ ነው። ሆቴሉ መሣሪያ ስለማያስገባ ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ቆልፌባት እውላለሁ፤ ሌባ መስኮት ሰብሮ ወሰዳት ይሆን እያልኩ በየሁለት ጉዞው ፓርኪንጉን በሩጫ አያለሁ። በሐምሌ ሙቀት አገሩ በሙሉ በቲሸርት ሲሄድ እኔ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ደርቤ ላቤ ይንቆረቆራል። ባለቤቴ ስርጉት ሶፋ ላይ አቀማመጤን አይታ፣ አንተ ሰውዬ ስንተኛ ወርህ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ናኦሚ በቀኝ በኩል ስትመጣ ሸሸት እያልኩ በግራ ብቻ ሳቅፋት ከርሜ፣ አንድ ቀን አባዬ ለምን እንደዚህ ዊርድ ሆንክ አለችኝ፤ ግራ አጋባኸኝ ማለቷ ነው። ያቺ የሐበሻ ሱቅ ባለቤት ዙሌይካ ደግሞ፣ አሥራ አንድ ዓመት የምታውቀኝ ሴትዮ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሽሮ ላወርድ እጄን ሳነሳ ሸሚዜ አብሮኝ ተነስቶ ወገቤን ብታይ ሁለት እጇን ወደ ላይ አደረገች። ጉድ ነው! ዙሌይካ፣ እኔ ነኝ፣ ዘርትሁን ነኝ እያልኩ ለመንኳት። ከዚያ ወዲህ ሽሮውን መሰላል ይዛ ራሷ ነው የምታወርድልኝ።

ሁለተኛ። የመሣሪያውን አያያዝ በሚመለከት የሰጡን መመሪያ ለፈረንጅ ቤት የተሠራ እንጂ ለእኛ ቤት እንዳልሆነ ለመጠቆም ይፈቀድልኝ። ቁርጭምጭሚት ላይ እሰሩት አሉን፤ እኛ ግን ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ሱሪዬ ተሰብስቦ በባዶ እግሬ ላይ ሽጉጥ ብቻ ይቀራል። ጀርባ ላይ አድርጉት አሉን፤ በነጠላው ሥር ጭራ ያበቀልኩ መሰልኩ። የቀረው ሆድ ላይ በቆዳ ማኅደር ማንጠልጠል ነበርና እሱን ብሞክር፣ ዓይናቸው የደከመው ሽማግሌ ጋሽ ፀጋዬ አጠገቤ ቆመው ቆዳውን በነጠላው ሥር ዳሰስ አደረጉና፣ ውዳሴ ማርያም መስሏቸው፣ ልጄ ፊደሉ ትልቅ ከሆነ አውሰኝማ አሉኝ። መልሴንም ሳይጠብቁ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ጋሽ ፀጋዬ፣ ይህን ሰው ካነበበልዎ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተሳለሙት ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ነበር።

ጫማችንን ስለ ቦታው ክብር ደጅ ጥለን ሽጉጣችንን ይዘን የምንገባ ሰዎች መሆናችን ያን ዕለት ነበር ሊገባኝ የሚገባው። አልገባኝም፤ እኔም እንደ እርስዎ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሰው አይደለሁምና። በማግስቱ ቦታውን ብቻ ቀይሬ ወደ ወገቤ መለስኳት።

ሦስተኛ። ስቅለት። ይህን ሌሎች እንዲያውቁት እንጂ እርስዎማ ቆመው አይተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ስንሰግድ ውለን፣ ወንዶቹ በግራ ሴቶቹ በቀኝ፣ ካህኑ ኪርያላይሶን ባሉ ቁጥር ግንባራችን ምንጣፍ እየነካ፣ ስንተኛው እንደሆነ በማላውቀው ስግደት ላይ የማኅደሩ መንጠቆ ከቀበቶዬ ለቀቀ። ሽጉጧ በመካከል ባለው የሸክላ ንጣፍ ላይ ወደቀችና እየተንሸራተተች ወደ ሴቶቹ ረድፍ ሄዳ፣ በግንባራቸው ተደፍተው በነበሩት በእማማ አስካለማርያም ፊት ቆመች። ቀና ሲሉ አፈሙዙን አዩት።

አልጮሁም። ቢጮሁ ደስ ባለኝ። በጉልበታቸው እንደ ተንበረከኩ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በደርግ ዘመን፣ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ አብዮት ጠባቂዎች አዲስ አበባ ያለውን ቤታቸውን ሰብረው ሲገቡ ልክ እንዲሁ አድርገው ነበር ያንበረከኳቸው፤ ታላቅ ወንድማቸውን ያን ዕለት ወሰዱት፣ ሬሳውንም አላዩትም። ይህን በኋላ ነው የነገሩኝ። ያኔ እኔ ያደረግኩት ምን ነበር? ሮጬ ሽጉጤን አነሳሁ፣ ወገቤ ላይ መልሼ ሻጥኩ፣ ወደ ቦታዬ ተመለስኩና፣ ሊቀ መንበር፣ ስግደቴን ቀጠልኩ። እጅዎን ያውርዱ ያላቸው ሰው እንኳ እኔ አይደለሁም፤ ስርጉት ናት ከረድፏ ተነስታ ሁለት እጃቸውን ይዛ ያወረደችላቸው። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ እርስዎን የማልወቅስበት አንቀጽ ይህ ብቻ ነው፤ ይኸኛው ለእኔ ብቻ ይሁን።

አራተኛ። ስለ ቃለ ጉባኤው። ኮሚቴው ጉዳዩን በአስቸኳይ ተመልክቶ፣ በእርስዎ ውብ የእጅ ጽሑፍ፣ ነገሩን በስግደት ወቅት የታየ አነስተኛ የመሣሪያ አቀማመጥ ችግር ብሎ ሰየመው። ስለ እማማ አስካለማርያም ደግሞ፣ አንዲት አረጋዊት ለመሣሪያ እንግዳ በመሆናቸው ጥቂት ደንግጠዋል ተብሎ ተመዘገበ። እንግዳ! እሳቸው ከመሣሪያ ጋር የተዋወቁት እኮ እኔና እርስዎ ሱሪ ሳንታጠቅ ነው። የመፍትሔ ሐሳቡ ግን ሁሉንም በለጠ፤ ወደፊት እንዲህ ያለው ችግር እንዳይደገም፣ ታጣቂ ወንድሞች በሰሙነ ሕማማትና በስቅለት ከስግደት ነፃ እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሽጉጡ ከስግደት ጋር ካልተስማማ ስግደቱ ይቅር! እንዲህ ያለ ውሳኔ ለማሳለፍ ከሊቃውንቱ አንድም ሰው አለመጠየቅዎ በራስ መተማመንዎን ያሳያልና አደንቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ የቀረው በቁጥር የሚወራ አይደለም።

ከስቅለት በኋላ በየእሑዱ ጠዋት እንደ ልማዴ ከእማማ አስካለማርያም በር ላይ መኪና አቁሜ ስጠብቅ፣ በመስኮት ብቅ ብለው ሂድ ልጄ፣ ጉልበቴን አሞኛል ይሉኛል። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ ሦስት ወር። ጉልበታቸው ገበያ ሲሆን አያማቸውም። በመጨረሻ ገብቼ ቁጭ ብዬ ብለምናቸው፣ አንተን ስቀበል ፊትህን ሳይሆን ወገብህን ነው የማየው፣ እንዲህ ሆኜ አልጸልይም አሉኝ። በዚያው ሳምንት ሽጉጤን ወስጄ ለፖሊስ አስረከብኩ። ሁለት ዓመት ታጥቄ የኖርኩትን ለመፍታት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ስመለስ መኪናው ራሱ የሰፋ መሰለኝ።

ለፍልሰታ እሺ አሉ። ጾሙን ጾሙ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ፣ በጾሙ መጨረሻ እሑድ ሊቆርቡ ተዘጋጁ። መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ባዶ ነህ ወይ አሉኝ፤ ኮቴን ገልጬ ዞር ዞር ብዬ አሳየኋቸው። ሳቁ። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እነዚያ ሌሎቹስ ሲሉኝ፣ እማማ፣ እነሱ ደጅ ነው የሚቆሙት፣ ውስጥ ምንም የለም ብዬ ማልኩላቸው። በእርስዎ ጥንቃቄ ተማምኜ መሆኑ ነው።

ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። እናቶች ሕፃን ከሚያጸዳዱባት፣ የሰንበት ትምህርት ልጆችም ቀኑን ሙሉ ከሚመላለሱባት፣ ወንዱም ሴቱም ከሚጠቀምባት ባለ አንድ ክፍል መጸዳጃ ቤት ገቡ። ከሶፍት ማስቀመጫው ሣጥን ላይ ሽጉጥ ተቀምጧል። እጀታው ላይ የወርቅ መስቀል አለው።

ሊቀ መንበር ሆይ፣ አንዴ ከታጠቋት መኖሯን እንኳ ይረሷታል ብለውን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ውሸት ቆጥሬብዎ ነበርና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ከስድስታችን መካከል ቃሉን በተግባር የፈጸሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።

እማማ አስካለማርያም አልነኩትም። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውልቀው ሸፈኑት፣ ወጥተው በሩን ዘጉ፣ ከአዳራሹ የሚታጠፍ ወንበር አምጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። የመጣውን ልጅ ሁሉ ውኃው ሞልቶ ፈሷል፣ ወደ ላይኛው ሂዱ እያሉ መለሱ። ለምን ሰው አልጠሩም ብዬ ስጠይቃቸው፣ ለልጅ ብነግር ልጁ ከፍቶ ያያል፣ እኔ ልጠራ ብሄድ በሩ ባዶውን ይቀራል፣ ደግሞስ ከናንተ ወንዶች መካከል የትኛው ባዶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ አሉኝ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተቀመጡ። ላይ ቅዳሴው ተቀደሰ፣ ሕዝቡ ቆረበ፣ ልጆቹ ቆረቡ። እሳቸው አልቆረቡም።

ፈልጌ ሳገኛቸው ራሳቸው ባዶ ነበር፤ ታመው መስሎኝ ደነገጥኩ። ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ። ከፍቼ ገባሁ፣ ከነጠላው ሥር እፍኝ የማትሞላ ጉብታ አየሁ፣ መስቀሉን አወቅኩትና ወደ እርስዎ ሮጥኩ። ጥቁር መነጽርዎን አድርገው፣ ያቺን የመገናኛ ሬዲዮ ሽቦ ጆሮዎ ላይ ሰክተው፣ ዋናው በር ላይ በንቃት ቆመዋል። ባዶ ማኅደርዎን በመዳፍዎ መታ መታ ያደርጉ ነበር። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ መላውን ምእመን በባዶ ማኅደር ጠበቁት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስነግርዎ ፊትዎ አመድ ለበሰ፣ ቁልቁል ወረዱ፣ ሰው እንዳያይብዎ ሽጉጥዎን በነጠላው ጠቅልለው በብብትዎ ያዙ፣ እማማ አስካለማርያም በተቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት ቀና ሳይሉ አለፉ፣ ወደ ማኪኒም ነዱ። ናኦሚ የራሷን ነጠላ አውልቃ ለእሳቸው ሰጠችና እሷ የሁዲ ሹራቧን ኮፍያ ደፍታ ወጣች። በመኪናዬ ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። ደጃቸው ላይ ሲወርዱ እማማ አስካለማርያም፣ ዘርትሁን፣ ማልክልኝ እኮ አሉኝ። ይህን ብቻ ነው ያሉት።

የወሩ ቃለ ጉባኤዎ ሲወጣ በጉጉት አነበብኩት። የነሐሴ ወር ጥበቃ ያለ ምንም እክል ተጠናቋል ይላል። እውነት ነው፤ ተጠናቋል። ያጠናቀቁት ሴትዮ ስማቸው አለመጠቀሱ ግን የጽሕፈት ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ከታላቅ ትሕትና ጋር የምለምንዎ ይህን ነው። የአሥራ ሁለቱን ሐሳብ ከአጀንዳው ያውጡት፤ ላሉትም ስድስት፣ ይቅርታ፣ ለአምስቱ፣ መሣሪያ ይዛችሁ አትግቡ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ይለጥፉ። በር የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም አላልኩም፤ መጥቼ እቆማለሁ፣ ባዶ እጄን። ከዚያም ወደ እማማ አስካለማርያም ቤት ሄደው፣ ያለ መነጽርና ያለ ሽቦ፣ ይቅርታ ይጠይቁ። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ሃያ አንድ ነው፤ ከስግደት ነፃ ሆነው የከረሙ ጉልበቶች አያቅታቸውም። እኔ ሄጃለሁ። የማልኩት መሐላ ሐሰት ስለሆነብኝ እግራቸው ላይ ወድቄ ነበር፤ አነሱኝ፣ ነገር ግን እመጣለሁ አላሉም። እሑድ እንደሚወሰነው ነው አሉኝ።

ለሰጡን ጥበቃ፣ ለደከሙልን ድካም፣ በተለይም እማማ አስካለማርያምን ከስቅለት እስከ ፍልሰታ ከማናቸውም የቤተ ክርስቲያን አደጋ ርቀው በቤታቸው እንዲቆዩ ስላደረጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከማይገለጽ አክብሮትና ከባዶ ወገብ ጋር፣
የእርስዎው ትሑት ሠልጣኝ፣
ዘርትሁን
የቀድሞ ታጣቂ ቁጥር አራት፣ ለወደፊቱ ሰጋጅ

ግልባጭ፦
ለቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ
ለመላው ምእመናን፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ
ለእማማ አስካለማርያም፣ እኔው አነብላቸዋለሁ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ሽጉጥዎን ጠቅልለው የወሰዱበት ነጠላ የእማማ አስካለማርያም ነው። ጥለቱ ሐምራዊ ነው፣ ሊቆርቡበት ያወጡት ነበር። ሽጉጥዎ ከእጅዎ ርቆ የቆየው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው፤ ነጠላቸው ግን ይኸው አራት ሳምንቱ። እሑድ ለጉባኤው ሲመጡ ይዘውት ይምጡ፤ ማጠቡን እሳቸው ያውቁበታል፣ አይድከሙ። ብቻ አደራዎን፣ እጄ ላይ እስኪያስረክቡኝ ድረስ መጸዳጃ ቤት እንዳይገቡ።